ለእማማ የስኳር ክላስ 230 ዶላር? የአንባቢያን ጥያቄና የሲስተር መልስ

በዚህ እትም ስለ ምግብ የሚጠይቅ ደብዳቤ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ስለ ቢል ነው። አይገርመኝም። እዚህ አሜሪካ ዓመቱ ሲቀየር ኢንሹራንሱም ከዜሮ ይጀምራል፣ መጋቢት ሲደርስ የፖስታ ሳጥኑ ይሞላል። እኔም አምዱን ለአንድ ጉዳይ ለቀቅኩት። የስኳር ሕመምተኞች ራሳቸውን እንዲንከባከቡ በቡድን ለሚሰጠው ትምህርት ማን ስንት ይከፍላል? ለአዲስ አንባቢዎች፣ እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። የስኳር ትምህርት መስጠት ሥራዬ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ አሜሪካ አሠራር ነው። ደጋግሜ የማነሳው ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሜዲኬር አላት፣ ሌላ ተጨማሪ ኢንሹራንስ የላትም። ባለፈው ኅዳር ስኳር እንዳለባት ተነገራት። ሐኪሟ ወደ አንድ የስኳር ክላስ ሪፈር አደረጋት። ጥር ላይ አንድ ሰዓት ከነርሷ ጋር ለብቻዋ ተቀመጠች። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተማረች። ሰሞኑን የ230 ዶላር ቢል መጣ። ስናስመዘግባት "ሜዲኬር ይከፍላል" ነው የተባልነው። እማማ ደግሞ "ለወሬ ብዬ ልጆቼን ገንዘብ አላስወጣም" ብላ አሻፈረኝ አለች። ታቋርጥ ወይስ ትቀጥል? (ልጇ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ይቀጥሉ። መጀመሪያ ስለ ብሩ ልንገርሽ፣ ወደ "ወሬው" በኋላ እንመጣለን።

"ሜዲኬር ይከፍላል" ያለሽ ሰው አልዋሸም። ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። ይህ ትምህርት የሚሸፈነው በሜዲኬር ፓርት ቢ፣ ማለትም የሐኪም ቤት ጉብኝትንና የመሳሰለውን በሚሸፍነው ክፍል ነው። ሽፋኑ የመጣው ኮንግረስ በ1997 ባወጣው የበጀት ሕግ ነው። ፓርት ቢ ደግሞ ዲዳክቲብል አለው። በ2025 257 ዶላር ነበር፣ በ2026 283 ዶላር ሆኗል። ይህን ያህል ከኪስ እስኪከፈል ድረስ ሜዲኬር እጁን አይዘረጋም። ከዚያ በኋላ 80 በመቶውን እሱ ይከፍላል፣ 20 በመቶው የታካሚው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የጉንፋን ክትባትና ማሞግራም በነፃ ስለሆኑ የስኳር ትምህርትም በነፃ ይመስለዋል። አይደለም። በእኔ አስተያየት መሆን ነበረበት። የታካሚውን ድርሻ ለማስቀረት በኮንግረስ ረቂቅ ሕግ ደጋግሞ ቀርቧል፣ እስካሁን አላለፈም።

አሁን ቢሉን እንየው። ሜዲኬር ይህን ትምህርት የሚያሰላው በግማሽ ሰዓት ነው። ለብቻ ሲሆን ግማሽ ሰዓቱ 55 ዶላር ገደማ ነው። በቡድን ሲሆን ለአንድ ሰው 15 ዶላር ገደማ ነው። እንደ አካባቢው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ኮንትራት ታክሲና ሚኒባስ ማለት ነው፤ መንገዱ አንድ ነው፣ ሂሳቡ ግን ይለያያል። እናትሽ ለብቻቸው አንድ ሰዓት ተቀመጡ፣ 110 ዶላር። በቡድን አራት ሰዓት ተማሩ፣ ያ ስምንት ግማሽ ሰዓት ነው፣ 120 ዶላር። ድምሩ 230። ስለዚህ ማንም አላታለላችሁም። አስቀድሞ የነገራችሁ ሰው ባለመኖሩ ግን እኔም ተናድጃለሁ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ያ 230 ዶላር ዘንድሮ ከሚከፈለው ዲዳክቲብል ላይ ይቀነሳል። እናትሽ ክላስ ባይሄዱ ኖሮ ያንኑ ገንዘብ ሌላ ቦታ ይከፍሉት ነበር። ስኳር ያለበት ሰው በዓመት አንዴ ዓይኑን መመርመር አለበት፣ እሱ በፓርት ቢ ነው የሚያልፈው። የስኳር መለኪያው ስትሪፕም በፓርት ቢ ነው። ሐኪማቸውን ሲያዩም እንዲሁ። ክላሱ ቀድሞ ስለመጣ ዱላው እሱ ላይ አረፈ እንጂ ገንዘቡ ከመውጣት አይቀርም ነበር።

የቀረውን እናስላ። ሜዲኬር መጀመሪያ ላይ በ12 ወር ውስጥ እስከ 10 ሰዓት ይሸፍናል። አንዱ ሰዓት ለብቻ፣ ዘጠኙ በቡድን። እናትሽ አምስቱን ወስደዋል። የቀሩት አምስት ሰዓታት የቡድን ናቸው፣ በሜዲኬር ዋጋ 150 ዶላር። ከዚህ ውስጥ 53ቱ ዲዳክቲብሉን ይሞላል። ከተረፈው 97 ዶላር ደግሞ የእሳቸው ድርሻ 20 በመቶ ነው፣ 19 ዶላር ከምናምን። ስለዚህ ትምህርቱን ለመጨረስ የሚቀራቸው 72 ዶላር ገደማ ነው። ዲዳክቲብሉ ደግሞ አለቀ፤ እስከ ታኅሣሥ ለዓይንም ለስትሪፕም 20 በመቶ ብቻ ይከፍላሉ።

ይህ ስሌት ለሌሎችም ይጠቅማል። ዲዳክቲብሉን በሌላ ሕክምና የጨረሰ ሰው ለ10ሩም ሰዓት የሚከፍለው 76 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። "እንግዲያው እስከ በጋው መጨረሻ ልጠብቅ" የሚል አይጠፋም። ስኳሩ ቆይቶ የተረጋጋለት ሰው ቢጠብቅ አልቃወምም። እንደ እናትሽ አዲስ የተነገረው ሰው ግን መጠበቅ የለበትም። የሚሳሳትበት ጊዜ ያ ነው፣ መድኃኒቱንም ምግቡንም ገና አልለመደውም።

ቢሉን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ከሜዲኬር የሚመጣውን የሂሳብ ማሳወቂያ ደብዳቤ ጠብቂ። "ይህ ቢል አይደለም" የሚል የተጻፈበት፣ ብዙ ቤት ሳይከፈት የሚጣለው ደብዳቤ ነው። እዚያ ላይ ለብቻ የተሰጠው ትምህርት ጂ 0108፣ የቡድኑ ደግሞ ጂ 0109 በሚል ኮድ ይታያል። "ሊጠየቁ የሚችሉት" የሚለው ቁጥርና ቢሉ መመሳሰል አለባቸው። ካልተመሳሰሉ ወደ 1-800-633-4227 ደውይ፣ የሜዲኬር ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቂ ይሰጡሻል። በየግዛቱ ደግሞ ሜዲኬር ላይ በነፃ የሚያማክሩ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ዘንድ ደብዳቤውን ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ እናትሽ ገቢያቸው ትንሽ ከሆነ ለሜዲኬይድና ለሜዲኬር ቁጠባ ፕሮግራሞች ማመልከታቸውን አረጋግጪ። ከእነዚህ አንዱ ኪው ኤም ቢ ይባላል። እሱ ውስጥ የገባ ሰው በሜዲኬር ለተሸፈነ ሕክምና ዲዳክቲብልም ሆነ 20 በመቶ ሊጠየቅ አይችልም። ክሊኒኩ ቢል መላክ ራሱ ክልክል ነው። ብዙ እናቶች እየቻሉ አላመለከቱም። የልጅ ደሞዝ እንደሚቆጠርባቸው ይፈራሉ። አብረው ስለኖሩ ብቻ የአንቺ ደሞዝ የእሳቸው ገቢ አይሆንም።

አሁን ወደ "ወሬው"። እናትሽን በጣም ነው የምረዳቸው። እኛ ዘንድ ሕክምና ማለት መርፌ ወይም ክኒን ነው። ተቀምጦ መነጋገር ገንዘብ የሚከፈልበት አይመስልም። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ስኳር እንዳለባቸው አዲስ ከተነገራቸው የሜዲኬር ተጠቃሚዎች ይህን ትምህርት የወሰዱት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። አሜሪካኖቹም ማለቴ ነው። በ2016 ደግሞ 118 የትምህርት ፕሮግራሞችን የገመገመ ሥራ ወጣ። የተማሩት ሰዎች ኤዋንሲያቸው (የሁለት ሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር ልኬት) ካልተማሩት በ0.6 ነጥብ ገደማ ይበልጥ ቀንሷል። ከ10 ሰዓት ያላነሰ የተማሩት ይበልጥ ተሻሽለዋል። አንዳንድ ክኒን ከዚህ ብዙ አይበልጥም፣ ክኒኑ ግን በየወሩ ይገዛል።

ከቁጥሩ ይልቅ የማምነው ግን ክፍል ውስጥ የማየውን ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የኛ እናቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አይቀምሱም። የስኳር ክኒናቸውን፣ ግሊፒዛይዱን፣ ግን ጠዋት በውኃ ይውጣሉ። "መድኃኒት ጾም አይገድፍም" ይላሉ። ያ መድኃኒት ሰው በላም አልበላ ስኳርን ያወርዳል። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ቅዳሴ ቆመው ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ድካም ነው ብለው ያልፉታል። ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ነው። ይህን ለሐኪም በ15 ደቂቃ ቀጠሮ ውስጥ የሚነግር የለም። በቡድን ውስጥ ግን አንዷ ስታነሳው ሦስቱ "እኔንም!" ይላሉ። ከዚያ መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓት እንዴት እንደሚስተካከል፣ ለሐኪሙ ምን እንደሚባል፣ ቦርሳ ውስጥ ጭማቂ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ እንነጋገራለን። አንዴ አምቡላንስ ቢጠራ የሚመጣውን ቢል ለእናትሽ አስረጃቸው። እሱን ወሬ አይሉትም።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ 69 ዓመቴ ነው። ሜዲኬርና ተጨማሪው ኢንሹራንስ፣ ሜዲጋፕ፣ አለኝ። የስኳር ክላስ ገብቼ ነበር፣ ግን እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል። ግማሹ ይገባኛል፣ ሲስቁ እኔም እስቃለሁ። "ልጅህን ይዘህ ና፣ ያስተርጉምልህ" አሉኝ። ልጄ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። አንድ ወዳጄ ደግሞ "በቋንቋ ምክንያት ለብቻህ መማር ትችላለህ" አለኝ። እውነት ነው? ዋጋውስ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ወዳጅዎ ትክክል ነው። ሜዲኬር ትምህርቱ በቡድን እንዲሆን ነው የሚፈልገው፣ ከሁለት እስከ 20 ሰው። ግን ለብቻ የሚፈቅድባቸው ምክንያቶች አሉ። አንዱ በሁለት ወር ውስጥ የሚጀምር የቡድን ክላስ ካልተገኘ ነው። ሌላው ታካሚው በዓይን፣ በጆሮ ወይም በቋንቋ ምክንያት ከቡድን ጋር መማር ከከበደው ነው። ሐኪምዎ ይህን ምክንያት በሪፈራሉ ላይ በጽሑፍ ማስፈር አለበት። በቃል ብቻ ከሆነ ሂሳቡ ይመለስብዎታል።

ዋጋው ይጨምራል። 10ሩም ሰዓት ለብቻ ከሆነ በሜዲኬር ዋጋ 1,100 ዶላር ገደማ ነው። 20 በመቶው 220 ይሆናል። እርስዎ ሜዲጋፕ ስላለዎት ግን ያንን 20 በመቶ አብዛኞቹ የሜዲጋፕ ፕላኖች ይችሉታል። ዲዳክቲብሉ ግን የራስዎ ሊሆን ይችላል፣ ፕላንዎን ይጠይቁ። እንደ ሌሎቹ በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ቢኖርዎት ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። እዚያ ኮፔዩ (በየጉብኝቱ የሚከፈለው) በየኩባንያው ይለያያል፣ ከኔትወርክ፣ ማለትም ኩባንያው ከተዋዋላቸው ሐኪሞች፣ ውጪ ከወጡ ደግሞ ጉድ ነው።

አሁን ግን ጋሼ፣ ለብቻ ከመሮጥዎ በፊት አንድ ነገር ይስሙኝ። "ልጅህን ይዘህ ና" የሚለው አባባል ተቀባይነት የለውም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ፣ ሜዲኬርን ጨምሮ ማለት ነው፣ ለታካሚው ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ ክፍል 1557 የሚሉት ይህንን ነው። ታካሚው የራሱን አስተርጓሚ እንዲያመጣ ሊገደድ አይችልም፣ የአስተርጓሚውም ክፍያ በቢሉ ላይ ሊጨመር አይችልም። ከወንዙ ማዶ ዲሲ ቢሆኑ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ለምደውታል። ስልክ ደውለው "አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ አማርኛ" ይበሉ። ቀጠሮ ከመድረሱ ሳምንት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፣ በመጨረሻ ሰዓት የሚገኘው በስልክ የሚያስተረጉም ነው፣ በቡድን ውስጥ ስልክ ደግሞ አይመችም።

ምርጫው የእኔ ቢሆን፣ በአስተርጓሚም ቢሆን ቡድኑን እመርጥ ነበር። በአማርኛ የሚሰጥ ቡድን ከተገኘማ ጥያቄም የለው። ለብቻ ሲሆኑ ነርሷ የምታውቀውን ብቻ ነው የሚሰሙት፣ ብዙዎቹ ደግሞ ቅንጬና በሶ ምን እንደሆኑ አያውቁም። አንዷ አስተማሪ እንጀራን እንደ ቀጭን ቂጣ ቆጥራ ለታካሚዋ "ሦስት ይብሉ" ማለቷን ሰምቻለሁ! ኢንሱሊን መውጋት መማር፣ ወይም በሰው ፊት የማይወራ ነገር ካለ ግን፣ ለብቻ የሚሰጠውን አንድ ሰዓት ለዚያ ያስቀምጡት።

አንድ ነገር አይርሱ። የመጀመሪያው 10 ሰዓት በዕድሜ ልክ አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሁለት ሰዓት አለ፣ ለእሱ አዲስ ሪፈራል ያስፈልጋል። ያለፉትን ክላሶች ግማሹን ብቻ ገብቶዎት ከሆነ የቀረዎትን ሰዓት ቆጥበው፣ አስተርጓሚው ሲገኝ ብቻ ይጠቀሙበት። 12ቱ ወር የሚቆጠረው ግን ከመጀመሪያው ክላስ ቀን ነው።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከዲያቲሺያን (የአመጋገብ ባለሙያ) ጋር ስለ ምግብ የሚደረገው ምክር በሜዲኬር የተለየ ሽፋን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ሰዓት። ዲዳክቲብል የለውም፣ 20 በመቶም የለውም፣ ምንም አይከፈልበትም። ሐኪሙ ሪፈር ማድረግ አለበት። ከቡድኑ ክላስ ጋር በአንድ ቀን ከሆነ ግን ሜዲኬር ሁለቱን አይከፍልም፣ ስለዚህ ቀኑን ይለያዩት። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴም ይህን ለእናትሽ ጻፊላቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ 43 ዓመቴ ነው፣ ላስ ቬጋስ ኡበር እነዳለሁ። ኢንሹራንሴን ከማርኬትፕሌስ (መንግሥት ካቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ) ነው የገዛሁት፣ ዲዳክቲብሉ 7,000 ዶላር ነው። ያ ማለት ምንም የለኝም ማለት ነው። ዶክተሩ የቡድን ትምህርት ግባ ይለኛል። ሙሉውን ከኪሴ ከሆነ ይቅርብኝ። (ሹፌሩ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን "ምንም የለኝም" ከማለትህ በፊት ኢንሹራንስህ ጋ ደውለህ አንድ ነገር ጠይቅ፤ የስኳር ትምህርት ከዲዳክቲብል በፊት ነው በኋላ? አብዛኞቹ ግዛቶች ኢንሹራንሶች ይህን ትምህርት እንዲሸፍኑ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው፣ ከማርኬትፕሌስ የተገዛውም በግዛቱ ሕግ ሥር ነው። መሸፈን ማለት ግን በነፃ ማለት አይደለም፣ ዲዳክቲብሉ ሊመጣብህ ይችላል። አንዳንዱ ፕላን በኮፔይ ብቻ ያስገባል። የሚነግርህን ሰው ስምና የጥሪውን ቁጥር ጻፍ።

መልሱ "ከዲዳክቲብል በኋላ" ከሆነ ወደ ማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ሂድ። በፌዴራል ድጋፍ የሚሠሩት እነዚህ ክሊኒኮች የሚያስከፍሉት በገቢህ ልክ ነው። ገቢው ከድህነት ወለሉ በታች የሆነ ሰው ምንም አይከፍልም ወይም ጥቂት ብቻ ይከፍላል። እስከ ወለሉ እጥፍ ድረስ ያለው ቅናሽ ያገኛል። አንተ የግል ሥራ ስለሆነህ የሚጠይቁህ የታክስ ወረቀት ነው፣ የሚታየውም ከወጪ የተረፈው ገቢህ ነው። ነዳጁና የመኪናው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ብዙ ሹፌር ከሚያስበው በታች ነው የሚገኘው።

ሌላ ቦታ በጥሬ ገንዘብ ልክፈል ካልክ ደግሞ ኢንሹራንሱን እንደማትጠቀም ንገራቸውና የወጪ ግምት በጽሑፍ ጠይቅ። ከ2022 ጀምሮ ይህን መስጠት ግዴታ ነው። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ መከራከር ትችላለህ። የቡድን ክላስ በጥሬ ገንዘብ ዋጋው ከቦታ ቦታ በጣም ይራራቃል። አንድ ቦታ ብቻ ጠይቀህ አትመለስ።

የሹፌር ትልቁ ወጪ ግን ክላሱ አይደለም፣ ያልተነዳበት ሰዓት ነው። ይህን አውቃለሁ። ቅዳሜ ማታ የሚሰጥ ክላስ የለም፣ ቢኖርም አንተ ሥራ ላይ ነህ። ማክሰኞ ጠዋት ቀዝቃዛ ሰዓት ነው አይደል? እሱን ፈልግ።

ጥያቄ፦ አባቴ ከአገር ቤት በግሪን ካርድ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆነው። 67 ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት። ሜዲኬር የለውም። ሲያትል ነን። ክላሱ ውስጥ ልክፈልለት ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ 65 ዓመት የሞላው ግሪን ካርድ ያዥ እዚህ የሥራ ታሪክ ከሌለው፣ ሜዲኬርን ከፍሎ ለመግባት በተከታታይ አምስት ዓመት እዚህ መኖር አለበት። ሦስት ዓመት ይቀራችኋል። እስከዚያ ከማርኬትፕሌስ ኢንሹራንስ መግዛት ይችላል፣ 65 ማለፉ አያግደውም። ለትምህርቱ ግን እንዳትከፍይ። ለሹፌሩ ያልኩት የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ለአባትሽም ይሠራል። በዚያ ላይ ከታች የምጽፈውን አንብቢ፣ 60 ዓመት ላለፈው ሰው ብዙ ቦታ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ በማኅበራችን ውስጥ ከአሥር በላይ ስኳር ያለብን ሴቶች አለን። በየወሩ እንገናኛለን። ነገሩን ራሳችን በአማርኛ ብናስተምረውስ? ሜዲኬር ይከፍለናል? (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ሜዲኬር አይከፍላችሁም። እሱ የሚከፍለው እውቅና ላለው ፕሮግራም ብቻ ነው። እውቅናውን የሚሰጡት የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የስኳር ሕመም አስተማሪዎች ማኅበር ናቸው። ያ ብዙ ወረቀት አለው፣ ለማኅበር አይሆንም።

ግን የምትፈልጉት ነገር አለ። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የስኳር ሕመም ራስን የመንከባከብ ፕሮግራም አለ። ስድስት ሳምንት ነው፣ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከ12 እስከ 16 ሰው ይሆናሉ። የሚመሩት ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፣ ነርስ መሆን የለባቸውም። እንዲያውም አንዷ ወይም ሁለቱም ስኳር ያለባቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ለተሳታፊው ብዙ ጊዜ በነፃ ነው፣ ገንዘቡ የሚመጣው ለአረጋውያን አገልግሎት ከሚሰጡ የአካባቢ ኤጀንሲዎች ነው። በ1965 የወጣው የአረጋውያን ሕግ ነው እነዚህን የሚደግፈው።

ወጪ ያለው በፈቃዱና በመሪዎቹ ሥልጠና ላይ ነው። ከራሳችሁ ኪስ ለመክፈል አትቸኩሉ። የአካባቢያችሁ የአረጋውያን ኤጀንሲ ምናልባት ፈቃዱ በእጁ አለ፣ የሚያጣው አማርኛ የሚችል መሪ ነው። "ሁለት ሴቶች እንስጣችሁ፣ አሠልጥኑልን፣ አዳራሽ አለን፣ ሰውም አለን" ብላችሁ ብትሄዱ በክብር ነው የሚቀበሏችሁ። ከመካከላችሁ ሁለቱን ስትመርጡ በጣም የምታወራዋን አትምረጡ፤ የምትሰማዋን ምረጡ።

ይህ ግን ከሜዲኬሩ 10 ሰዓት ጋር አንድ አይደለም። ስለ ኢንሱሊን መጠንና ስለ ክኒን ነርስ ወይም ፋርማሲስት ያስፈልጋል። ሁለቱንም መውሰድ ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይቀንስም።

ጥያቄ፦ 66 ዓመቴ ነው፣ ሜዲኬር አለኝ። ዶክተሬ "ጠርዝ ላይ ነሽ፣ ስኳር ገና አልሆነም" አለኝ። ኤዋንሲዬ 6.1 ነው። ጎረቤቴ የምትማርበት የስኳር ክላስ ልግባ? (ከአትላንታ)

መልስ፦ እዚያ ክላስ ሜዲኬር አይከፍልልዎትም፣ እሱ ስኳር ላለባቸው ብቻ ነው። ለእርስዎ የተዘጋጀ ሌላ አለ። የሜዲኬር የስኳር ሕመም መከላከያ ፕሮግራም ይባላል፣ ከ2018 ጀምሮ አለ። እሱም በቡድን ነው፣ ዋጋው ደግሞ ዜሮ ነው። ኤዋንሲዎ ከ5.7 እስከ 6.4 መሆን አለበት፣ ያ ተሟልቷል። የሰውነት ክብደትዎ ከቁመትዎ ጋር ተሰልቶ 25 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ለእስያ ተወላጆች 23። ይህንን ሐኪምዎ ይነግሩዎታል። በ2002 የወጣው ትልቁ ጥናት በአመጋገብና በእንቅስቃሴ የሠሩት ሰዎች ወደ ስኳር የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። 60 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ላይ ደግሞ 71 በመቶ።

ይህም በዕድሜ ልክ አንዴ ነው የሚሸፈነው። ስለዚህ ሠርግ ወይም ወደ አገር ቤት ጉዞ ያለበት ዓመት ላይ አይጀምሩት። ከመመዝገብዎ በፊት ፕሮግራሙ ለሜዲኬር የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ፣ ሁሉም አይደሉም።